ከሠላሳው ደቂቃ አሥሩን ማሪልን

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ መንኮሻኮሽ የጀመረበት፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ መነጽሬን የምፈልግበት ዕድሜ። በዚያ ዕድሜዬ ነው እንግዲህ የቤዝቦል ዳኛ የሆንኩት። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን እውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። የታላቅ ወንድሜ ሱቅ አይቮሪ ፓርክ ነው፤ እኔ ደግሞ የምኖረው ሮዘተንቪል። አንዱ የጆሃንስበርግ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ። ልጁ የሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለኔ ቤት ስለሚቀርብ፣ የትምህርት ቀኑን ከኔ ጋር እያደረ ቅዳሜ ማታ ወደ አባቱ ይሄዳል። ይህ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ኳስ መወርወር ያዘ። የሰው ልጅ ኳስ ሲባል እግሩ ይበላዋል፤ የኛውን የሚበላው እጁን ነው። በቴኒስ ኳስ እየደበደበ የበረንዳዬን ግድግዳ ቀለም ልጦ ጨረሰው። ብቆጣው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች።

ስለዚህ ጨዋታ ባለው ቀን መጋረጃና ብርድ ልብስ የምሸጥበትን ሱቄን ለባልደረባዬ ትቼ አብሬው እሄዳለሁ። ሻዬን በፔርሙዝ ይዤ ከሽቦ አጥሩ ኋላ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ምንም አይገባኝም ነበር። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን ያነበብኩት ከዕቃ ካርቶን ላይ ነው። ግን ያልገባኝን ነገር ትቼ መተኛት አልችልም። የደንቡን መጽሐፍ ከልጁ ተውሼ ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ አነበብኩት፤ ያልገባኝን ስልኬ ላይ በቪዲዮ አየሁት። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፦ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ የመታው ይሮጣል። የቀረው ክርክር ነው። ክርክሩን የሚፈርደው ዳኛ ኳሱን ከሚቀልበው ልጅ ጀርባ አጎንብሶ ይቆማል፤ ኳሱ የሚመጣው ወደሱ ፊት ነው። ጤነኛ ሰው የሚቆምበት ቦታ አይደለም።

አንድ ቀን ዳኛው ቀረ። ዳኛ ከሌለ ጨዋታ የለም። አሰልጣኙ ወደ አጥሩ መጥቶ፣ "ደንቡን የሚያውቅ ትልቅ ሰው አለ?" ቢል፣ ያ ከይሲ ልጅ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

"አክስቴ ታውቃለች። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ሳይቀር ነው የምትዳኘው።"

የፊት መከለያውን አጠለቁልኝ፤ ለወንድ ደረት የተሰፋውን የደረት መከላከያ አስታጠቁኝ። እንዴት እንደተዘጋ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሲከፈት ግን ሁለት ሰው ፈጅቷል።

የዚያን ቀን የሠራሁትን አልረሳውም። በሦስተኛው ዙር አንድ ሯጭ ቤዙን፣ ማለትም መሬት ላይ የተነጠፈችውን ማረፊያ ትራስ፣ ረግጧል፣ አልረገጠም በሚል ሁለቱ አሰልጣኞች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። እኔ ምን አደረግሁ? ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኳቸው። ከዚያ እናቴም አባቴም እንደሚያደርጉት ለየብቻቸው አዳመጥኳቸው። "በል አንተ ይህን ተውለት፤ እሱ ደግሞ የሚቀጥለውን ይተውልሃል። ልጆቹ ፊት አታሳፍሩን" ብዬ አጨባበጥኳቸው። ተጨባበጡም! ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ እንዴት ያለ ዳኛ ወጣኝ ብዬ ኮራሁ።

በማግስቱ የዳኞቹ አለቃ ደወሉ። ነጭ ጢም ያላቸው፣ ሲስቁ ሆዳቸው አብሮ የሚስቅ ጡረተኛ ናቸው።

"ማማ" አሉኝ፣ "ትናንት ሁለት ሰው አስታርቀሻል አሉ።"

"አዎ፣ በሰላም ተለያዩ።"

"ደስ ይላል። አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ የምትቆሚው ለመፍረድ ነው። ረግጧል ወይም አልረገጠም። ግማሽ የተረገጠ ቤዝ የለም። መታረቅ ከፈለጉ ማታ ቤታቸው ይታረቁ።"

እንዲህ ተሰድቤ ዳኛ ሆንኩ።

በየዓመቱ ወቅቱ ሲጀመር ዳኞች አንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተጣብቀን፣ ምን ደንብ እንደተለወጠና ለደኅንነት ምን እንደታዘዘ ይነገረናል። የዚያ ዓመቱ ጠበቅ ያለ ነበር። ተራውን የሚጠብቅ መቺ አየሩን ብቻ እየመታ ቢሆንም እንኳ ሄልሜት ያድርግ። ሯጩ ቀላቢውን በትከሻው ገጭቶ መጣል ድሮ ቀረ። የዳኛ ፊት መከለያ ጉሮሮን የሚሸፍን ቁራጭ ይኑረው። ኳስ ጭንቅላቱን የመታው ዳኛ፣ "ምንም አልሆንኩም" ቢልም አይቀጥልም፤ ሐኪም እስኪያየው ይቀመጣል። ይችን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ዘንድ እኮ ወድቆ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ምንም አልሆንኩም" ነው፤ እግሩ ተሰብሮም ቢሆን።

ከዚያ አለቃው ነጎድጓድ ላይ ደረሱ፤ ቀልዳቸውንም አቆሙ።

"እስከ አምና ዳኛው ሰማዩን አይቶ በራሱ ይወስን ነበር። ከዘንድሮ ጀምሮ መወሰን የለም። ጆሮአችሁ ነጎድጓድ ከሰማ ሁሉም ሰው ከሜዳ ይወጣል፤ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ ይገባል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በመሃል ሌላ ከተሰማ፣ ሠላሳው እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል።"

"ዝናብ ባይኖርስ?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ዝናብ አልኩ እንዴ?"

"ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንስ?"

"መብረቅ ከደመናው ርቆ ይመታል። እናንተ ደግሞ ገላጣ ሜዳ መሃል የብረት ዱላ ያስያዛችኋቸውን የሰው ልጆች ነው የምትጠብቁት።"

እዚህ ከተማ ዝናቡ የሚመጣው በበጋ ነው፤ አንድ በጋ የኖረ ሰው ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ የሚያጉረመርመውን ሰማይ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለምደነው ልብሳችንን ከገመድ ላይ ለማንሣት ብቻ ነው የምንሮጠው።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ቡድኑ ያን ጨዋታ ካሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። ለፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ የክፍለ ሀገሩን ቡድን የሚመርጡ ሰዎች መጥተው ይቀመጣሉ። ልጁ ከዚያ በፊት የሚታይበት አጋጣሚ አልነበረውም፤ ለዚህች ቀን ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬን የላጠው። ወንድሜ ይህ ሲገባው ቅዳሜ ሱቁን ዘጋ። ቅዳሜ! ልጁ በተወለደ ቀን እንኳ ግማሽ ቀን ነው የዘጋው።

እኔ በበኩሌ የገዛ ወንድሜ ልጅ የሚጫወትበትን መዳኘት ነውር ነው ብዬ ለአለቃው ደውዬ ነበር። ሌላ ሰው የለም። የተጋጣሚውን አሰልጣኝ ሲጠይቁት፣ "እሷ ከሆነች ግድ የለኝም። ባለፈው የወንድሟን ልጅ ከጨዋታ ስታስወጣው አይቻታለሁ፤ ለኛ ታዝን ይሆናል እንጂ ለሱ አታዝንም" አለ አሉ።

ወንድሜ ብቻውን አልመጣም። ዕቃ የሚጭንበትን መኪና አጥቦ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው አንዱ። ሁለተኛው ከሥልጤ የመጡ፣ ለወንድሜ ሸቀጥ በጅምላ የሚያወርዱለት ሐጂ ናቸው። ሦስተኛው ሌላው የተናገረውን ሁሉ "እውነት ነው" እያሉ የሚያጸኑ ጸጥተኛ አዛውንት ናቸው። ሦስቱም ቤዝቦል አይተው አያውቁም።

"ልጄ፣ ጎሉ በየት በኩል ነው?" አሉኝ ሰብሳቢው፣ መከላከያዬን ስታጠቅ።

"ጎል የለውም አባባ።"

"ጎል ከሌለው ማን እንዳሸነፈ በምን ይታወቃል?"

"እኔ እነግርዎታለሁ።"

"እንግዲያው ወንድሟ ምን ያስጨንቀዋል?" አሉ ሐጂው፤ ሁሉም ሳቀ።

ልጁ የዚያን ቀን የወረወረውን እኔ መናገር አይገባኝም፤ ዳኛ ነኛ። ግን ከቀላቢው ጀርባ ሆኜ ሳየው ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ያፏጭ ነበር። መቺዎቹ ነፋስ መትተው ይመለሳሉ። አራት ዙር ሲያልቅ ሦስት ለአንድ ይመሩ ነበር። ሙሉው ጨዋታ ሰባት ዙር ነው፤ አምስተኛው ካለቀ ግን ከዚያ በኋላ ቢቋረጥም ውጤቱ ይጸናል። አምስተኛው ሳያልቅ ከተቋረጠ እንዳልተጫወቱ ይቆጠራል። ከተቆጠረ የኛዎቹ ያልፋሉ፤ ካልተቆጠረ በውድድሩ ነጥብ የሚበልጠው ተጋጣሚው ትምህርት ቤት ያልፋል። አንድ ዙር። አንዲት ዙር ብቻ ነበረች የቀረችው።

በዚህ መሃል ነው ከሜዳው ጀርባ ካለው የድሮ ወርቅ ማዕድን የአፈር ቁልል ወዲያ ማዶ፣ በሩቁ፣ ባዶ በርሜል ጣሪያ ላይ እንደማንከባለል ያለ ድምፅ የመጣው።

ቀና አልኩ። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ቀላቢው ልጅ ዞሮ በመከለያው ሽቦ ውስጥ አየኝ። ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁና "ታይም!" ብዬ ጮህኩ። "ነጎድጓድ ነው! ሁላችሁም ከሜዳ ውጡ!"

ከተመልካቹ የተነሣው ጫጫታ!

"ሃይቦ! ማማ፣ የጭነት መኪና ነው እኮ!"

"ሰማዩን እዪ! ኤይሽ፣ መነጽርሽን አድርጊ!"

ከአጥሩ ላይ ወንድሜ በአማርኛ፣ "ምን ሆነሽ ነው?"

"ነጎድጓድ ነው ጋሼ። ሽማግሌዎቹን ይዘህ መኪና ውስጥ ግባ።"

"የት ያለ ነጎድጓድ?"

"ግባ አልኩህ እኮ!"

ወደዚህ አገር ያመጣኝ፣ የመጀመሪያ ቤት ኪራዬን የከፈለልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሬው አላውቅም። ገባ፤ የመኪናውን በር ሲወረውረው ግን ሰማሁት።

ልጆቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገቡ። እኔ ዕቃ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል፣ በአሮጌ የቆዳ ጓንቶች መሃል ተቀምጬ የስልኬን ሰዓት አያለሁ። ሁለተኛ ነጎደ፤ ከመጀመሪያው ቀረብ ብሎ። ሠላሳውን እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ዝም አለ። ደቂቃዎቹ ሄዱ። እንዲህ ከቀጠለማ ይሆናል እያልኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰብሳቢው ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ኮፍያ አውልቆ የገባ ሽማግሌ ለምን እንደመጣ የማያውቅ አበሻ የለም።

"እንደምን ዋልሽ ልጃችን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ከመኪና ወጣችሁ? አይቻልም እኮ።"

"ተልከን ነው።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው።

ተነሥቼ ትከሻቸውን ሳምኩ፤ የዱላዎቹን ከረጢት አስጠግቼ አስቀመጥኳቸው። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጃችን፣ ወንድምሽ ሰው ነው። አንቺን ያሳደገ ነው። ልጁም ልጅሽ ነው። እኛ ጨዋታውን አናውቀውም፤ ደንብ መኖሩን ግን እናከብራለን። ሠላሳ ደቂቃ ነው ብለሻል፤ እሺ፣ ሠላሳ። ከሠላሳው አሥሩን ስለ እግዚአብሔር ማሪልን።"

ይህን ወግ አውቀዋለሁ። ደም ያፋሰሰ ነገር እንኳ በዚህ ነው የሚበርደው። ካሣው ይቆረጣል፣ ከዚያ ይህን ያህል ስለ እግዚአብሔር፣ ይህን ያህል ስለ ማርያም፣ ይህን ያህል ስለ ሽማግሌዎቹ ሽበት እየተባለ ይቀነሳል። እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ከሰው ይወጣል።

"አባባ፣ ይኼ የኔ ገንዘብ አይደለም፤ ደቂቃ ነው።"

"ደቂቃም ይሁን። አሥሩ ስለ እግዚአብሔር። አምስቱ ስለ እመቤታችን።"

"አምስት ደግሞ ስለኔ" አሉ ሐጂው። "በሙስሊሙም በኩል ይግባበት።"

"እውነት ነው።"

"እስካሁን ስንት ተጠብቋል?" አሉ ሰብሳቢው።

"አሥራ አንድ።"

"አየሽ! ሃያው ምሕረት ነው፤ አሥር ነው የቀረብሽ፤ አንዱን አትርፈሻል። ተነሺ በይ፣ ልጆቹን አስወጪ።"

እውነቱን ልናገር፣ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ሐጂው ወደፊት ዘንበል ብለው በዓይናቸው ይለምኑኛል። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል፤ የወንድሜን ልጅ ሳቅ ከመሃል ለይቼ አውቀዋለሁ። ውጭ ፀሐይ አለ።

"አባቶቼ" አልኩ፣ "እምቢ ብያችሁ አላውቅም። ዛሬ እምቢ ልላችሁ ነው። ውጪ ያሉት ልጆች የሌላም ሰው ልጆች ናቸው። ስለነሱ ማን ሊለምነኝ መጣ?"

 ሦስተኛው ሽማግሌ እንኳ "እውነት ነው" ማለታቸው ጠፋ።

በዚያ መሃል ጣሪያውን ያንቀጠቀጠ ነጎድጓድ መጣ። ጓንቶቹ ከመስቀያቸው ወደቁ። ሐጂው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ባለቤቱ ራሱ ሠላሳውን መልሶ ሞላው።"

የሰብሳቢው ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ነው፤ ድምፁ እስከኔ ድረስ ይሰማል። "ምን አለች?"

"እሷን እየለመንን ነበር" አሉ ሰብሳቢው። "ላይ ቤት ግን እምቢ አሉ።"

ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ሊወጡ ሲነሡ በሩ ላይ ቆምኩ።

"መውጣት አይቻልም። ሠላሳ ደቂቃ።"

"እኛም?"

"እናንተም።"

እንዲህ አድርጌ ሦስት ሽማግሌ አሰርኩ። ከተቀመጡ ዘንዳ ሻዬን አካፈልኳቸው። ሐጂው የፊት መከለያዬን አጠለቁና፣ "ይህን አድርጌ ሱቅ ብቀመጥ የሚከራከረኝ ደንበኛ ይኖራል?" አሉ። ሰብሳቢው የጉሮሮ መሸፈኛዋን እየነካኩ ለምን እንደተጨመረች ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው "የሚገባ ነው" አሉ። ሌላ ነጎደ። ሌላም። እያንዳንዱ ሲመጣ ሐጂው ጣታቸውን አንሥተው "ሠላሳ" ይላሉ።

ሜዳው መብራት የለውም። ሲመሽ ወጥቼ ሁለቱን አሰልጣኞች ጠራሁና ጨዋታው እንደቆመ ነገርኳቸው። የተጋጣሚው ልጆች ጮቤ ረገጡ። የኛዎቹ ቦርሳቸውን ዝም ብለው አነሡ። ልጁ ክንዱ ላይ በረዶ እያሰረ፣ ወደኔ ሳያይ፣ "ሩሉ ነው አክስቴ፣ አውቃለሁ" አለኝ። ማወቁ ግን ፊቱ ላይ አልነበረም።

አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ደመናው በምሥራቅ በኩል አልፎ የሌላ ሰው ሰፈር ላይ ዘነበ። ወንድሜ ወደኔ መጣና የኮቱን እጅጌ ዘረጋልኝ።

"ዳሰሺው።"

"ጋሼ…"

"ዳሰሺው እንጂ። ደረቅ ነው።"

"ደረቅ ነው።"

"መብረቅ የመታው ዛፍ አለ? አንድ ዛፍ አሳዪኝ።"

"የለም።"

"ባዳ ብትሆኚ ኖሮ ይሻለኝ ነበር" አለ። "ባዳ ይለመናል።"

ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሄደ። ሐጂው በመስኮት እጃቸውን አወጡልኝ፤ ለሰላምታ ይሁን ለሠላሳ አላወቅኩም።

የዳኞቹ አለቃ ማታ ደውለው "ደግ አደረግሽ" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ደግ ማድረጌን ሳልጠራጠር፣ ልጁ ወዳልተኛበት ክፍል ገብቼ አልጋውን አነጠፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ልጁ ቁርሱን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በላ። እኔም እንቁላሉን ዝም ብዬ ጠበስኩለት፤ አንድ የነበረውን ሁለት አደረግሁት። ወንድሜ አልደወለም። ስደውልለት ሚስቱ ታነሣና "ደንበኛ ይዞታል" ትለኛለች፤ በዚያ ሳምንት ደንበኛ የበዛለት ሱቅ የሱ ብቻ ነበር።

አሰልጣኙ ለወንድሜ አንድ ነገር ነግሮት ኖሯል። ለፍጻሜ ካልደረሱ ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች የሚሞከሩበት ሌላ መንገድ አለ፤ ከከተማው ደቡብ፣ ሩቅ ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ልጁ የሚወዳደረው ከብዙ ልጆች ጋር ነው፤ ማንም ደግሞ ስሙን አያውቀውም።

ወንድሜ ቅዳሜ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ልጁን ወሰደው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀው። ልጁ ከሌሎች ጋር በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ ተባለ። ሲመለሱ በኔ ሰፈር በኩል ነው መንገዳቸው፤ አልገቡም። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ወሰደው። ልጁን ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተጠባባቂ አድርገው ያዙት። ወንድሜ በዚያ ቀን መኪናውን ከቤቴ ደጅ አቁሞ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ምሳ በላና ወደ ሱቁ ሄደ።